አንድ ሜትር የጎደለው መስመር

ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ያውሰኝ። ነገሬ ረጅም ቢመስልም አይከብድም፣ አንዱ የአንዱን ጫፍ ይዞ ነው የሚሄደው። "እሱ ደግሞ ማን ነበር?" ብላችሁ እንዳታቋርጡኝ ብቻ። እስኪሰለቻችሁ ድረስ እደጋግመዋለሁ።

በአንዲት ትንሽ ከተማ ጋሽ ደርበው የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ባለቤታቸው ከሞቱ አራት ዓመት አልፏል፤ ልጅ አልወለዱም። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ቤት አለ፤ አንዱ የሚተኙበት፣ ሌላው ድሮ ልብስ ይሰፉበት የነበረ፣ አሁን ባዶውን የተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ የሚያናግራቸው ሰው ስለሌለ ለሬዲዮ መልስ መስጠት ለምደዋል። ሬዲዮው "እንደምን አደራችሁ" ሲል "እግዜር ይመስገን፣ እናንተስ?" ይላሉ። ሬዲዮ ደግሞ መልስ አይጠብቅም፣ ወደ ዜናው ያልፋል።

እኚህ ሰው አንድ ትንሽ ነገር ፈለጉ። አንድ ወረቀት።

ወረቀቱ የመሬት ካርታ ነው። ታናሽ እህታቸው እትዬ ስንቅነሽ የተከራዩትን ቤት ልቀቁ ተባሉ። ጋሽ ደርበው ነይና አብረን እንኑር ቢሏቸው፣ በወንድሜም ቤት ቢሆን ጥገኛ አልሆንም አሉ። የራሴ በር፣ በስሜ የወጣ ካርታ ካለኝ እመጣለሁ፤ ከሌለኝ ሐሙስ በአራት ሰዓቱ አውቶቡስ ቆላ ወርጄ የአክስቴ ልጅ ዘንድ እገባለሁ አሉ። ቆላው ሁለት ቀን ያስኬዳል። እትዬ ስንቅነሽ አንዴ ካሉ ደግሞ አሉ ነው፤ ማንም አይመልሳቸውም። ስለዚህ ጋሽ ደርበው ግቢያቸውን ለሁለት ከፍለው የስፌት ቤቱን ከነመሬቱ ለእህታቸው ሊሰጡ ለመሬት ቢሮ አመለከቱ። ቀያሹ ጠጋው ዓርብ ዕለት መጥቶ የእህታቸውን ድርሻ አራቱንም ጎን ለካና ቁጥሩን በደብተሩ ጻፈ። የቀረው ካርታውን መሳል ነው።

ካርታ የምትስለው ትርንጎ ነች። እዚያ ቢሮ ከተመደበች ገና ሦስት ወሯ ነው። በከተማው ዘመድም፣ ጓደኛም የላትም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ባልደረቦቿ ተጠራርተው ይወጣሉ፣ እሷን ግን ነይ የሚላት የለም። ክፉዎች ሆነው አይደለም፣ ትዝ አትላቸውም። ያ ደግሞ ከክፋት ይብሳል። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ የምታወራው ከኮምፒዩተሩ ጋር ነው፤ "እንዴት አደርክ" ብላ ትከፍተዋለች፣ "በል ደህና እደር" ብላ ትዘጋዋለች።

ሰኞ ጠዋት ደብተሩን ዘርግታ ሥራ ጀመረች። አሳሳሉ ቀላል ነው። ከአንዱ የወሰን ድንጋይ ትነሻለሽ፤ ወዲህ ይህን ያህል ዲግሪ ዙር፣ ይህን ያህል ሜትር ሂድ ትይዋለሽ፣ መስመሩ ይሄዳል። አራት ጊዜ እንዲህ ብለሽ ከተነሳሽበት ድንጋይ ከተመለስሽ መሬቱ ገጠመ ማለት ነው። ካልተመለስሽ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

የመጀመሪያው መስመር ሄዶ ሄዶ ወንዝ ገባ። ትርንጎ "ወዴት ነው?" አለችው። ኮምፒዩተሩ ዲግሪ የሚቆጥረው ከምሥራቅ ተነስቶ ወደ ግራ እየዞረ ኖሯል፤ ቀያሽ ግን ከሰሜን ተነስቶ ወደ ቀኝ ነው የሚቆጥረው። አስተካከለችው። መስመሩ ከወንዙ ወጣ፣ ግን ትንሽ ጠመመ። ደብተሩ ላይ አርባ ሰባት ዲግሪ ከሠላሳ ደቂቃ የሚለውን እሷ አርባ ሰባት ነጥብ ሠላሳ ብላ አስገብታው ነበር። ሠላሳ ደቂቃ ደግሞ የዲግሪ ግማሽ ነው። እሱንም አስተካከለች። ከየጎኑ ርዝመት እንደ ቢሮው ልማድ አንድ አንድ ሜትር ቀነሰች። ምን ልማድ ነው ያላችሁ እንደሆነ፣ ቢሮው ያለው አንድ የመለኪያ ጥብጣብ ነው፤ የጥብጣቡ የመጀመሪያ ሜትር ከተበጠሰ አምስት ዓመቱ ነው፣ ስለዚህ መለካት የሚጀምረው ከአንድ ቁጥሩ ነው። ልጠግነው ያለ የለም። ቀያሹ ያነበበውን እንዳለ ይጽፋል፣ ካርታ የሚስለው አንድ ይቀንሳል፣ በቃ። ሁሉም ስለለመደው ጥብጣቡ ጎዶሎ መሆኑን እንኳ ረስተውታል።

ሦስቱ መስመሮች እንደታዘዙ ሄዱ። አራተኛው ግን ከድንጋዩ አንድ ሜትር ሲቀረው ቀጥ ብሎ ቆመ።

ትርንጎ ይህንኑ ይዛ ወደ ኃላፊው ወደ አቶ ምስጋናው ገባች። አቶ ምስጋናው መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፣ አድርገውም አዩት፣ ያልገጠመ መሬት ላይ ስማቸውን እንደማያኖሩ ነገሯት። ትርንጎ ወጥታ አግዳሚው ላይ ለተቀመጡት ለጋሽ ደርበው ነገረች።

መስመሩ አልገጥምም አለ፤ ኃላፊው አልፈርምም አሉ፤ ጋሽ ደርበው ወረቀት አጡ፤ እትዬ ስንቅነሽ ዕቃ ሸከፉ። ሐሙስም እየመጣ ነው።

ጋሽ ደርበው አልተቆጡም። ቤት ብገባም የሚጠብቀኝ የለም፣ እዚሁ ብቀመጥ ካላስቸገርኩሽ አሏት። አላስቸገሯትም። እንዲያውም ትርንጎ ሰው ከኋላዋ ሲተነፍስ መስማቷ ደስ አላት፣ ደስ ማለቱም አሳፈራት።

ወደ ኮምፒዩተሩ ተመለሰች። በል እስቲ አንድ ሜትር ጨምርልኝ አለችው። አራተኛውን መስመር ደመሰሰችና ደግማ አዘዘችው፣ ያው እዚያው ቆመ። ሦስቴ ደገመችው፣ ሦስቴ እዚያው ቆመ። ያልሰጡትን አያመጣማ! ቁጥር ከሰጡት ይሄዳል፣ ካልሰጡት ይቆማል፣ አዘኔታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ኮምፒዩተሩ አልጨምርም አለ፤ መስመሩ አልገጥምም አለ፤ ኃላፊው አልፈርምም አሉ፤ ጋሽ ደርበው ወረቀት አጡ፤ እትዬ ስንቅነሽ ብርድ ልብሳቸውን ጠቀለሉ። ሐሙስም እየመጣ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ደብተሩ ሄደች። ምናልባት ቀያሹ ቁጥር አሳስቶ ይሆናል፤ ሰባቱ ስምንት፣ ስምንቱ ሰባት ሆኖ ይሆናል። ግን የቀያሽ ደብተር እንደ ተማሪ ደብተር አይደለም። በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበታል፤ መሰረዝ ክልክል ነው፣ መደለዝ ክልክል ነው፣ ከጻፈው ሰው በቀር ብዕር ማሳረፍ ክልክል ነው። ትርንጎ ቁጥሩን አተኩራ አየችው። ቁጥሩም አተኩሮ አያት።

ደብተሩ አልሰረዝም አለ፤ ኮምፒዩተሩ አልጨምርም አለ፤ መስመሩ አልገጥምም አለ፤ ኃላፊው አልፈርምም አሉ፤ ጋሽ ደርበው ወረቀት አጡ፤ እትዬ ስንቅነሽ ድስትና ሰሃናቸውን በጆንያ ከተቱ። ሐሙስም እየመጣ ነው።

ለቀያሹ ለጠጋው ደወለችለት። ጠጋው የገጠር መንገድ ሥራ ላይ ነው፣ ነፋሱ ድምፁን ይወስደዋል። መጥተህ አራተኛውን ጎን ብትለካልኝ ብላ ለመነችው። ጥብጣቡ ግምጃ ቤት ነው፣ ያለ ጥብጣብ መጥቼ ምን ልሠራ ነው፣ በክንዴ ልለካ ነው ወይ አላት። ደግሞስ ምን አስጨነቀሽ፣ ዝጋ የሚለውን ተጫኚው፣ ራሱ ከድንጋዩ ይገጥማል አላት።

እውነቱን ነው፣ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አለ። አንድ ፊደል ተጭነሽ መሬት ትዘጊያለሽ። ትርንጎ ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከጀርባዋ ጋሽ ደርበው ተቀምጠዋል። ስልኩን ሰምተው ኖሮ፣ "ይዘጋል ማለት ነው?" አሏት በተስፋ።

"ብዘጋው ይዘጋል" አለች ትርንጎ። "የማን ሜትር እንደሆነ ግን አላውቅም። ይሄኛው ጎን አጥሮ ይሁን፣ ትይዩው ረዝሞ ይሁን አልለየሁም። ከተሳሳትኩ እህትዎ የጎረቤት መሬት ውስጥ አንድ ሜትር ይገባሉ። ከዚያ ዕድሜ ልካቸውን ክርክር ነው።"

ጋሽ ደርበው ፊደሉ ላይ ያለውን ጣቷን አዩ። "እንግዲያው አትንኪው" አሉ። ትርንጎም ጣቷን አነሳች።

ቀያሹ አልመጣም አለ፤ ደብተሩ አልሰረዝም አለ፤ ኮምፒዩተሩ አልጨምርም አለ፤ መስመሩ አልገጥምም አለ፤ ኃላፊው አልፈርምም አሉ፤ ጋሽ ደርበው ወረቀት አጡ፤ እትዬ ስንቅነሽ ፍራሻቸውን በገመድ አሰሩ። ሐሙስም እየመጣ ነው።

የዚያን ቀን ምሳ ሰዓት ሌሎቹ ተጠራርተው ሲወጡ ሁለቱ ቀሩ። ጋሽ ደርበው ከኪሳቸው ሽምብራ ቆሎ አውጥተው በወረቀት ላይ ለሁለት ከፈሉት። ልብስ ሰፊ አይደሉ፣ ግማሽ ሲሉ ግማሽ ነው፣ አንዲት ፍሬ አልተበላለጠም። እየቆረጠሙ የሬዲዮውን ነገር አወሩላት። እሷም ሳታስበው ቅዳሜና እሑድ የራሷን ድምፅ እንደማትሰማ ነገረቻቸው። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ቃል ሳትናገር ሰኞ እንደሚመጣ ነገረቻቸው። ለማንም ብላው አታውቅም ነበር። ጋሽ ደርበው ከራሳቸው ድርሻ ጥቂት ፍሬ አንስተው ወደ እሷ ገፉ።

ረቡዕ ወደ ግምጃ ቤት ሄደች። ግምጃ ቤቱን የያዙት እትዬ አንጓች ናቸው። ቁልፉን ከአንገታቸው የማያወልቁ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ሚስማር ያልጠፋባቸው ሴት። ጥብጣቡን ለጠጋው ልላክለት ብትላቸው፣ ኃላፊው የፈረሙበት የዕቃ ማውጫ ካላመጣሽ በሩን አልከፍትም አሏት። ትርንጎ ቅጹን ሞልታ ወደ አቶ ምስጋናው ሮጠች። አቶ ምስጋናው ቅጹን አንብበው፣ ይህ ለየትኛው መሬት ነው አሉ። ለጋሽ ደርበው አለች። ያልገጠመው አይደል እንዴ አሉ። አዎ አለች። ባልገጠመ መሬት ላይ አልፈርምም ብዬሽ የለም ወይ አሉና ቅጹን መለሱላት።

አያችሁልኝ? ዞሮ ዞሮ እዚያው!

ግምጃ ቤት ጠባቂዋ አልከፍትም አሉ፤ ቀያሹ አልመጣም አለ፤ ደብተሩ አልሰረዝም አለ፤ ኮምፒዩተሩ አልጨምርም አለ፤ መስመሩ አልገጥምም አለ፤ ኃላፊው አልፈርምም አሉ፤ ኃላፊው ካልፈረሙ ደግሞ ግምጃ ቤት ጠባቂዋ አይከፍቱም፤ ጋሽ ደርበው ወረቀት አጡ፤ እትዬ ስንቅነሽ የአውቶቡስ ቲኬት ቆረጡ። ሐሙስም ነገ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮው ሲከፈት ጋሽ ደርበው አግዳሚው ላይ ነበሩ። ትርንጎ ባየቻቸው ጊዜ ደነገጠች። እህትዎን አይሸኙም እንዴ ብላ ጠየቀቻቸው።

"መሸኘት አልችልም፣ ልጄ" አሉ። "ሚስቴን ሸኝቻለሁ። አንድ ሰው የሚችለው የመሸኘት መጠን አለው። አውቶቡሱ እስኪሄድ እዚህ ልቀመጥ።"

ትርንጎ ኮምፒዩተሩን እንኳ አልከፈተችም። መስመሩንም ደብተሩንም አይታለች፣ ያላየችው ጥብጣቡን ብቻ ነው፤ ተነስታ በቀጥታ ወደ ግምጃ ቤት ሄደች። እትዬ አንጓች ከሩቅ ሲያዩዋት ቁልፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

"አልወስደውም" አለች ትርንጎ። "ላየው ብቻ ነው።"

እትዬ አንጓች አሰቡ። ለማውጣት ቅጽ አለው፣ ለማስገባት ቅጽ አለው፣ ለማዋስ ቅጽ አለው፣ ለማየት ግን ቅጽ የለውም። በሃያ ሁለት ዓመት ልየው ብሎ የመጣ ሰው የለማ! ቅጽ ለሌለው ነገር ፊርማ አይጠየቅም። ብዙ አመነቱና በሩን ከፈቱ።

ጥብጣቡ ከመደርደሪያው ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ትርንጎ ጫፉን ፈታ ፈታ አደረገችው። ጫፉ ላይ፣ ዱሮ ምንም ባልነበረበት ቦታ፣ አንድ ሜትር ቢጫ የልብስ ሰፊ ሜትር ተቀጥሏል። ስፌቱ ድርብ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሳይሸበሸብ ልክ ከአንድ ቁጥሩ ጋር ተጋጥሟል። እትዬ አንጓች ጠጋ ብለው አዩና ዓርብ ጠዋት ስሰጠው እንዲህ አልነበረም አሉ። ሲመለስ ተጠቅልሎ ስለመጣ አልፈቱትም፣ ቆጥረው አስገቡት።

ትርንጎ እየሮጠች ተመለሰች።

"ጋሽ ደርበው፣ ጥብጣቡን የሰፉት እርስዎ ነዎት?"

ሽማግሌው ክው አሉ። "አጠፋሁ እንዴ?" አሉና እየተንተባተቡ ተናገሩ። ዓርብ ዕለት ጫፉን ያዙልኝ ብሎ ጠጋው ሰጥቷቸው ነበር። ሦስት ጎን ይዘው ዞሩ። ከዚያ ለጠጋው ስልክ ተደወለለትና በር ላይ ቆሞ ብዙ አወራ። ጋሽ ደርበው በእጃቸው ያለውን ጫፍ አዩት፣ ተበጥሷል። መንግሥት ያህል ነገር በቡትቶ ሲለካ አሳዘናቸው። ገብተው ከራሳቸው ሜትር አንዱን ሜትር ቆርጠው ሰፉበት። ጠጋው ሲመለስ ጨርሰው ነበር፤ አላየም፣ እሳቸውም ውለታ ማስቆጠር እንዳይመስል ብለው አልነገሩትም። አንዲት ሚሊ አላሳሳትኩም፣ በቅዱሳኑ እምልልሻለሁ አሏት።

ትርንጎ ከት ብላ ሳቀች። እዚያ ቢሮ ስትስቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሦስቱ ጎን የተለኩት በጎዶሎ ጥብጣብ ነው፣ አንድ መቀነስ አለባቸው። አራተኛው የተለካው በሙሉ ጥብጣብ ነው፣ ምንም አይቀነስበትም! የጎደለችው ሜትር የቀነሰቻት እሷው ነች።

እንግዲህ ያዙ፣ አሁን መልሱ ነው። ጋሽ ደርበው ተናገሩ፤ ግምጃ ቤት ጠባቂዋ ምንም ሳያወጡ በራቸውን ቆለፉ፤ ቀያሹ ሲደወልለት ያን ዕለት በር ላይ ቆሞ በስልክ ማውራቱን አመነ፣ መምጣት አላስፈለገውም፤ ደብተሩ አንድ ቁጥር ሳይሰረዝበት ተከደነ፤ ኮምፒዩተሩ አንድ ሜትር ተሰጠው፣ አንድ ሜትር ጨመረ፤ መስመሩ ሄዶ ሄዶ ከድንጋዩ ገጠመ፤ አቶ ምስጋናው መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፣ አድርገውም አዩት፣ ፈረሙ፤ ማኅተሙ ጠብ አለ፤ ጋሽ ደርበው ወረቀታቸውን ያዙ። ሰዓቱ ለአራት ሩብ ጉዳይ ነው።

ጋሽ ደርበው እኔ ካርታ ማንበብ አልችልም፣ ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ አሉ። ትርንጎ አብራቸው ወጣች። አንዳንዴ እሷ ቀደም፣ አንዳንዴ እሳቸው ቀደም እያሉ መናኸሪያ ደረሱ። የእትዬ ስንቅነሽ ፍራሽ ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ ታስሯል። እሳቸው መስኮት ዳር ተቀምጠው ወደ ማዶ ያያሉ።

ጋሽ ደርበው አልጠሯቸውም። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው ያዙት። እትዬ ስንቅነሽ ተቀበሉት፣ ስማቸውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፣ አንብበውም ደገሙት።

"ይሄ የኔ ቤት ነው?" አሉ ትርንጎን።

ነው አለቻቸው።

"የእሱስ ቤት የት አለ?"

ትርንጎ ከታች ሆና ጣቷን ዘርግታ አሳየቻቸው። እትዬ ስንቅነሽ በሁለቱ ቤቶች መሃል ያለውን ባዶ ቦታ አዩ። ከሱ በር እስከኔ በር ስንት ነው ብለው ጠየቁ። ትርንጎ በቃሏ ይዛዋለች፣ አሥራ አንድ ሜትር አለች።

እትዬ ስንቅነሽ ወረቀቱን አጠፉት። ከዚያ ወንድማቸውን አዩ።

"ሌሊት ብታስል ይሰማኛል" አሉ።

ጋሽ ደርበው ፊታቸውን አዙረው በመዳፋቸው ጠረጉ። እትዬ ስንቅነሽ ግን ብድግ ብለው ፍራሼን አውርዱልኝ ብለው ረዳቱን ተቆጡት፤ ረዳቱም አሁን ነው ያሰርኩት ብሎ አጉረመረመና ወጣ።

የኔ ነገር እዚህ ላይ ቢያልቅ ያምርብኝ ነበር፣ ትንሽ ግን ቀረኝ።

ትርንጎ ወደ ቢሮ ተመለሰች። አግዳሚው ባዶ ነው። ዓርብም ባዶ ነበር። ደስ ሊላት ይገባል፣ ደስም ብሏታል፣ ግን ከኋላዋ የሚተነፍስ ሰው የለም። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ከተከራየችው ክፍል አልወጣችም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ ሆን ብላ አሳለች። ጆሮዋን ሰጥታ ጠበቀች። ማንም ምንም አላለም። ትንሽ ከፍ አድርጋ ደገመችው። ከግድግዳው ወዲያ ሰው ሲራመድ ይሰማል፣ ድስት ሲከደን ይሰማል። ስማቸውን እንኳ የማታውቃቸው ሴት ናቸው፣ የሁለቱ በር አራት እርምጃ አይራራቅም።

ተነሳች። ፀጉሯን በእጇ አስተካክላ ወጣችና በሩን አንኳኳች። ሴትዮዋ እጃቸውን እያደራረቁ ከፈቱ።

"ይቅርታ እትዬ፣ ጎረቤትዎ ነኝ" አለች ትርንጎ። "ትንሽ ጨው ይኖርዎታል?"

ሴትዮዋ ግቢ፣ ምን በር ላይ ያቆምሻል አሏትና ጨው ሊያመጡ ወደ ጓዳ ዞሩ። ትርንጎም ገባች። በራሷ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ገና ያልተከፈተ አንድ ሙሉ ኪሎ ጨው ነበራት።